የትኛውን የሒሳብ ኮርስ ልያዝ? ደረጃችሁን በአንድ ከሰዓት የምትለዩበት አሠራር

ምዝገባ ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል። አጠያየቁ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። «ካልኩለስ ልግባ ወይስ ከታች ልጀምር?» «ሒሳብ ከነካሁ አምስት ዓመት አለፈኝ፤ ከየት ልነሳ?» «ካልኩለስ አንድን በሲ አልፌያለሁ፤ ሁለትን ልያዝ?» ለሁሉም መልሼ የምጠይቀው ያንኑ ስለሆነ እዚህ ደረጃ በደረጃ አስቀምጬዋለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምትነግሩኝ የት ድረስ እንደተማራችሁ ነው። እኔን የሚጠቅመኝ ግን ዛሬ፣ ባዶ ወረቀት ላይ፣ ብቻችሁን ምን እንደምትሠሩ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ይህንን ልዩነት ፈልጎ የሚያገኝ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ለማይታወቅ ቁጥር «ቀ»ን እጠቀማለሁ። እናንተ ደብተራችሁ ላይ የለመዳችሁትን ፊደል ጻፉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አሥር ያህል ባዶ ወረቀት። መስመር ያለውም የሌለውም ይሆናል።
- ሁለት ቀለም እስክሪብቶ። እርሳስ አይሁን። ላጲስ ስህተትን ያጠፋል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ስህተቱን ነው።
- ሰዓት ቆጣሪ። የስልካችሁ ይበቃል፤ ስልኩ ግን ኢንተርኔቱ ይዘጋ።
- የትምህርት ክፍላችሁ የኮርስ ዝርዝር፣ ከነ ፕሪሪኩዚቱ (አስቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ)።
- ልትይዙት ያሰባችሁት ኮርስ አውትላይን (የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ)። ያለፈ ዓመት ፈተና ከተገኘማ እሰየው።
- ካልኩሌተር አያስፈልግም። ከጠረጴዛው ላይ አንሱት።

1. መድረሻውን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ

የኮርስ ዝርዝሩን አውጡና ፕሮግራማችሁ የሚጠይቀውን የመጨረሻ የሒሳብ ኮርስ ፈልጉ። ከዚያ የእሱን ፕሪሪኩዚት፣ የፕሪሪኩዚቱንም ፕሪሪኩዚት እያያችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። አንድ ወረቀት ላይ በቀስት አያይዟቸው።

ይህ ለምን ይቀድማል? የሒሳብ ኮርሶች አንድ ወጥ መሰላል አይደሉም። ከታች አንድ ግንድ አለ፤ መሠረታዊ ሒሳብ፣ አልጀብራ፣ ፕሪካልኩለስ። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፍ ነው። ኢንጂነሪንግና ፊዚክስ በካልኩለስ አንድ፣ ሁለትና ሦስት በኩል ወደ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ይሄዳሉ። ኮምፒውተር ሳይንስ ዲስክሪት ማትስና ሊኒየር አልጀብራ ይፈልጋል። ማኅበራዊ ሳይንስና ጤና ብዙውን ጊዜ ስታቲስቲክስ ላይ ያበቃሉ። ስታቲስቲክስ ብቻ የሚጠየቅ ተማሪ «ጠንካራ ለመሆን» ብሎ ካልኩለስ ውስጥ ሲሰምጥ አይቻለሁ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ቀስቶቹን ስትቆጥሩ ስንት ሴሚስተር እንደሚፈጅ ይታያችኋል። በአንድ ሴሚስተር ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ካለ ምልክት አድርጉበት። እሱን ካመለጣችሁ ዓመት ነው የምትጠብቁት።

2. ፈተናውን ውሰዱ

አምስት ክፍል አለ፤ እያንዳንዱ አራት ጥያቄ። ለአንድ ክፍል 15 ደቂቃ። መልሶቹ መጨረሻ ላይ አሉ፤ አሁን ወደ ታች እንዳትወርዱ።

ሁለት ሕግ አለ። አንደኛ፣ መንገዱን ሁሉ ጻፉ፤ በጭንቅላት የተሠራ ነገር አይታረምም። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ «እርግጠኛ» ወይም የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ይህችን ሁለተኛዋን ሰው ሁሉ ይዘላታል፤ እናንተ አትዝለሏት። ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።

*ክፍል አንድ፤ ቁጥር*

1) 2/3 − 1/4 ስንት ነው?
2) −3² ስንት ነው? (−3)²ስ?
3) 3/4 ÷ 1/2 ስንት ነው?
4) 100 የነበረ ቁጥር በ20 በመቶ ቀነሰ። የቀረው ደግሞ በ20 በመቶ ጨመረ። አሁን ስንት ነው?

*ክፍል ሁለት፤ አልጀብራ*

5) 3(ቀ − 2) = 5ቀ + 4 ከሆነ ቀ ስንት ነው?
6) (ቀ + 3)² ሲዘረዘር?
7) ቀ² − 5ቀ + 6 = 0 ከሆነ ቀ ስንት ነው?
8) 1/2 + 1/ቀ በአንድ ክፍልፋይ ሲጻፍ?

*ክፍል ሦስት፤ ፕሪካልኩለስ*

9) አንድ ፈንክሽን ቀን ስትሰጡት ቀ² − 3ቀን ይመልሳል። (ቀ + 2)ን ብትሰጡትስ? አቃልላችሁ ጻፉ።
10) 2 በ(ቀ + 1) ኃይል ሲነሳ 32 ይሆናል። ቀ ስንት ነው?
11) ከ0 እስከ 360 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሳይናቸው 1/2 የሆነ አንግሎች እነማን ናቸው?
12) የቀ² ግራፍ ወደ (ቀ − 4)² ሲቀየር በየት በኩል፣ በስንት ይንቀሳቀሳል?

*ክፍል አራት፤ ካልኩለስ አንድ*

13) ቀ ወደ 3 ሲጠጋ (ቀ² − 9)/(ቀ − 3) ወደ ስንት ይጠጋል?
14) የ(3ቀ + 1)⁵ ዴሪቬቲቭ?
15) የ3ቀ² ኢንተግራል ከ0 እስከ 2?
16) ዙሪያው 40 የሆነ ሬክታንግል ከፍተኛ ስፋቱ ስንት ነው? ለምን?

*ክፍል አምስት፤ ማረጋገጥ*

17) የሁለት ኢ-ተጋማሽ ቁጥሮች ድምር ሁልጊዜ ተጋማሽ መሆኑን አሳዩ።
18) «በክፍሉ ያለ ተማሪ ሁሉ አልፏል» የሚለውን አፍርሱ። ተቃራኒው ምንድን ነው?
19) «ፕራይም ቁጥር ሁሉ ኢ-ተጋማሽ ነው» እውነት ወይስ ሐሰት?
20) የአንድ ሙሉ ቁጥር ስኩዌር ተጋማሽ ከሆነ ቁጥሩም ተጋማሽ መሆኑን አሳዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ጥያቄ ባዶ ከቀረ እዚያው ቁሙ። ከዚያ በላይ መቀጠል ሞራል ከመስበር በቀር ምንም አይነግራችሁም። አንድ ልዩነት አለ። ክፍል አምስት ካልኩለስ ስለማይጠይቅ ክፍል አራትን ያላወቀም ሰው ይሞክረው።

3. በሌላ ቀለም አርሙ፤ ስህተቱን ሳይሆን የስህተቱን ዓይነት ጻፉ

ውጤታችሁን ከ20 አትደምሩ። 14 ከ20 የሚባል ነገር ምንም አይናገርም። ይልቅ እያንዳንዱ ስህተት አጠገብ ከሦስት ፊደል አንዱን ጻፉ።

- ቸ ቸኩዬ ነው። ሳየው ወዲያው ገባኝ።
- ረ ረስቼው ነው። ድሮ እሠራው ነበር።
- አ አላውቀውም። መልሱን አይቼም አልገባኝም።

አሁን «እርግጠኛ» ወዳላችኋቸው ተመለሱ። እርግጠኛ ሆናችሁ የተሳሳታችሁት ካለ ክበቡት። ከሁሉ የከፋው ስህተት እሱ ነው። የማታውቁትን ነገር ታጠኑታላችሁ። በስህተት የምታውቁትን ግን ማንም ካልነገራችሁ በቀር ዕድሜ ልክ ትሠሩበታላችሁ።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ተማሪ ካልኩለስ አንድ ሁለቴ ወድቆ ወረቀቱን አሳየኝ። ጥያቄው የቀ² ግራፍ ቀ = 3 ላይ ያለውን ስሎፕ ከትርጉሙ ተነስተህ ፈልግ የሚል ነው። አጀማመሩ ልክ ነበር። ሀን እንደ ትንሽ ጭማሪ ወስዶ (3 + ሀ)² − 9 ብሎ ለሀ አካፈለ፤ ከዚያ ሀን ወደ 0 ሊያስጠጋ ነው። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ገብቶታል። ቀጥሎ (3 + ሀ)² = 9 + ሀ² ብሎ ጻፈ። 9ን ሲቀንስ ሀ² ቀረ። ለሀ ሲያካፍል ሀ ቀረ። ሀ ወደ 0 ሲሄድ መልሱ 0።

ትክክለኛው 9 + 6ሀ + ሀ² ነው። 9 ሲቀነስ 6ሀ + ሀ²፣ ለሀ ሲካፈል 6 + ሀ፣ መጨረሻው 6። የጠፋችው 6ሀ መልሱን ይዛ ነው የጠፋችው። ልጁ ሁለት ሴሚስተር ሙሉ «ካልኩለስ አይገባኝም» እያለ ነበር። ካልኩለሱማ ገብቶታል። የጎደለው ጥያቄ ቁጥር 6 ነው። እዚያች ላይ «እርግጠኛ» ብሎ ቀ² + 9 የሚጽፍ ሰው በዝቶብኛል።

ከዚህ ዓይነት ስህተት ሌሎች ሁለት የታወቁ አሉ። አንደኛው 1/(ሀ + ለ)ን 1/ሀ + 1/ለ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የ(ቀ² + 9) ስኩዌር ሩትን ቀ + 3 ማለት። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ለማመን ቁጥር አስገቡ። ሁለተኛው ላይ ቀን 4 አድርጉ። 16 + 9 = 25፣ ሩቱ 5 ነው። 4 + 3 ግን 7። ቁጥር አስገብቶ መፈተሽ አሥር ሰከንድ ይፈጃል፤ በየትኛውም ደረጃ ያለ ተማሪ ሊለምደው ይገባል።

4. «ረ»ዎቹን ከሁለት ቀን በኋላ ድገሙ

ወዲያው ኮርስ አትምረጡ። «ረ» ያላችሁበትን ርዕስ ብቻ ለሁለት ቀን ከልሱና በሦስተኛው ቀን ቁጥሮቹን ቀይራችሁ እንደገና ሥሩ። ከተመለሰ ዝገት ነበር ማለት ነው፤ ተጠርጎ ይሄዳል። ካልተመለሰ ፊደሉን ወደ «አ» ቀይሩት።

ይህ ደረጃ የሚጠቅመው በተለይ ከትምህርት ለዓመታት ለራቃችሁ ነው። የመጀመሪያ ቀን ውጤታችሁ ከእውነተኛ አቅማችሁ በታች ስለሚሆን በእሱ ብትወስኑ አንድ ሴሚስተር በማያስፈልግ ኮርስ ላይ ታጠፋላችሁ።

5. ውጤቱን ወደ ኮርስ ተርጉሙ

መርሁ አንድ ነው። «አ» ወይም የተከበበ ስህተት መጀመሪያ የታየበት ክፍል መነሻችሁ ነው። ከዚያ ቀጥለው ያሉትን ክፍሎች በትክክል ብትሠሩም።

*ክፍል አንድ ላይ ከቆማችሁ* መሠረታዊ ሒሳብ ያዙ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ክፍልፋይ በቁጥር ያልገባው ሰው ጥያቄ 8ን ሊሠራ አይችልም፤ የጋራ ታህት መፈለጉ አንድ ነው፣ ቁጥሩ በፊደል ከመተካቱ በቀር።

*ክፍል ሁለት ላይ ከቆማችሁ* ኮሌጅ አልጀብራ። ፕሮግራማችሁ ስታቲስቲክስ ብቻ ከሆነ ግን ክፍል አንድን ጥርት አድርጎ መያዝና ጥያቄ 5ን መሥራት ብዙውን ጊዜ ለመግቢያው ስታቲስቲክስ ይበቃል። እዚያ የሚከብደው ስሌቱ አይደለም፤ ጥያቄውን አንብቦ ምን እንደተጠየቀ መለየቱ ነው።

*ክፍል ሦስት ላይ ከቆማችሁ* ፕሪካልኩለስ። የቆማችሁት ጥያቄ 11 ላይ ብቻ ከሆነ ሙሉ ኮርስ መድገም ላያስፈልግ ይችላል፤ ትሪጎኖሜትሪውን ለብቻው አጥኑ። ጥያቄ 9 ላይ ከሆነ ግን ውሰዱት። ፈንክሽን ማለት ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው ካልኩለስ ውስጥ የሚይዘው ነገር የለም። እኔ ራሴ ትሪጎኖሜትሪን በሽምደዳ አልፌ ካልኩለስ ሁለት ስገባ ግማሹን ሴሚስተር የሳይንና የኮሳይን ቀመር ስለቅም ነው ያሳለፍኩት።

*ክፍል አራት ላይ ከቆማችሁ* እና ሦስቱ የታችኞቹ ንጹህ ከሆኑ ካልኩለስ አንድ ግቡ። ሳትፈሩ። ክፍል አራትን ድሮ ተምራችሁ «ረ» ብቻ ካገኛችሁ ጉዳዩ ካልኩለስ ሁለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ጥያቄ 14ን ገልብጡት፤ 15(3ቀ + 1)⁴ ተሰጥቷችሁ ኢንተግራሉን ፈልጉ። ቼይን ሩልን (ጥያቄ 14 የሚሠራበትን ሕግ) ወደ ኋላ መሄድ ካልቻላችሁ ካልኩለስ ሁለት የመጀመሪያው ወር ላይ ይጥላችኋል። ከቀሪው የኢንተግራል ዘዴ ብዙው የሚደገፈው በዚህች ላይ ነውና። በሲ ላለፋችሁት የምሰጠውም መልስ ይኸው ነው። ሲው ስለ ድሮው ይናገራል፣ ወረቀቱ ስለ ዛሬው።

*ክፍል አምስት* ለብቻው ይታያል። ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲስክሪት ማትስ፣ ሪል አናሊሲስ፣ አብስትራክት አልጀብራ የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ መጠኑ ቢለያይም። ካልኩለስን በኤ ጨርሶ ሪል አናሊሲስ ላይ የሚደነቅፍ ተማሪ የተለመደ ነው። ሪል አናሊሲስ ሊሚትንና ዴሪቬቲቭን እንደገና ያነሳል፤ አሁን ግን «አስላ» ሳይሆን «አረጋግጥ» ነው የሚለው። ሥራው ሌላ ነው። ከመግባታችሁ በፊት የፕሩፍ (የማረጋገጥ) መግቢያ ኮርስ ወይም ዲስክሪት ማትስ ውሰዱ። ጥያቄ 18 ላይ «ማንም አላለፈም» ብሎ የጻፈ ሰው ደግሞ ይህንን ምክር ሁለቴ ያንብበው።

6. ስሙን ሳይሆን አውትላይኑን አንብቡ

«ካልኩለስ» የሚል ስም ያለው ኮርስ ሁሉ አንድ አይደለም። ለቢዝነስ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ሳይንና ኮሳይን የለውም፤ ወደ ካልኩለስ ሁለትም አያሻግርም። ስታቲስቲክስም ሁለት ዓይነት አለው፤ በአልጀብራ ብቻ የሚሄድ እና ካልኩለስ የሚጠይቅ። ሊኒየር አልጀብራ አንዱ ጋ ማትሪክስ ማስላት ነው፤ ሌላው ጋ ከመጀመሪያው ሳምንት ፕሩፍ ነው።

አውትላይኑ ላይ እነዚህን ፈልጉ። የሦስተኛው ሳምንት ርዕስ ምንድን ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቶች ክለሳ ስለሚሆኑ ያታልላሉ። ሚድና ፋይናል ስንት ስንት በመቶ ይይዛሉ? ካልኩሌተር ይፈቀዳል? የፈተና ጥያቄው «አስላ» ይላል ወይስ «አሳይ»? ቀጣዩ ኮርሳችሁ ይህንን ኮርስ በኮርስ ቁጥሩ (በኮዱ) እንደ ፕሪሪኩዚት ይቀበላል? የመጨረሻውን ጥያቄ አማካሪያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱን አስቀምጡት። በቃል የተነገረ ነገር ለምረቃ ሲጣራ አይገኝም።

7. ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ስንጥቁን ጠግኑ

ሦስት ሳምንት ካላችሁ በቂ ነው። በቀን 30 ደቂቃ፣ የተከበቡትንና «አ» ያላችኋቸውን ብቻ። አሠራሩ እንዲህ ነው።

አንድ የተሠራ ምሳሌ አንብቡ። ሸፍኑት። ከባዶ ሥሩት። ካቃታችሁ የቆማችሁባትን አንዲት መስመር ብቻ አይታችሁ እንደገና ሸፍኑ። በማግስቱ ያንኑ ቁጥር ቀይራችሁ ሥሩ። መሸፈኑ ነው ዋናው። ሲነበብ ሁሉም ግልጽ ነው፤ ማንበብና መሥራት የተለያየ ችሎታ ነው። ቪዲዮም እንደዚያው። አንድ ሰዓት ቪዲዮ አይቶ ገባኝ ማለት፣ ሰው ሲዋኝ አይቶ ዋኘሁ እንደማለት ነው።

የስህተት ደብተር ክፈቱ። በግራ የተሳሳታችሁትን መስመር፣ በቀኝ ትክክለኛውን፣ ከሥር ለምን እንደተሳሳታችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ከአንድ ወር በኋላ ስታገላብጡት ስህተታችሁ ሃምሳ ሳይሆን አራት ወይም አምስት ዓይነት ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ እየተደጋገመ።

8. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንቶች እንደ ሁለተኛ ፈተና ያዙ

አድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መጣያ ጊዜ) የሚዘጋበትን ቀን ካላንደር ላይ ጻፉ። ከዚያ ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሌክቸሩ ይገባችኋል፣ አሳይመንቱን ግን ብቻችሁን መጀመር አትችሉም? ደረጃው ትክክል ነው፤ ልምምድ ነው የጎደለው። ቆዩ።

አስተማሪው «ይህንን ታውቁታላችሁ» ብሎ የሚዘላቸው መስመሮች ናቸው የሚያመልጧችሁ? አንድ ወይም ሁለት ቦታ ከሆነ እየሄዳችሁ ጠግኑ። በየገጹ ከሆነ አንድ ደረጃ ውረዱ። በጊዜ ወርዶ ሳይከፈልበት መውጣት፣ ሚድ ላይ ሲደርሱ ከመውጣት በእጅጉ ይሻላል።

ምንም አዲስ ነገር የለም? አሳይመንቱን በ20 ደቂቃ ትጨርሳላችሁ? ለአስተማሪው የፈተናችሁን ወረቀት አሳዩና ወደ ላይ ለመውጣት ጠይቁ። ባዶ እጅ «ይቀለኛል» ከማለት ወረቀት ይዞ መሄድ ይደመጣል።

9. አጠናን በየደረጃው ይለያያል

አልጀብራና ከዚያ በታች ብዛት ይፈልጋል። እጅ እስኪለምድ ድረስ ሃያ፣ ሠላሳ ጥያቄ። ካልኩለስ ላይ ብዛት ብቻ ያታልላል። ምዕራፉን ተከትሎ የሚሠራ ሰው ዘዴውን ምዕራፉ ይነግረዋል፤ ፈተና ላይ ግን ርዕስ የለም። ስለዚህ ከሦስት ምዕራፍ ጥያቄ ቀላቅሉና መጀመሪያ ሳትሠሩ «ይህ በየትኛው ዘዴ ነው?» የሚለውን ብቻ መልሱ።

ፕሩፍ ላይ ደግሞ ትርጉም ነው ቁልፉ። ለእያንዳንዱ ትርጉም ሦስት ነገር ጻፉ፤ ቃል በቃል ትርጉሙን፣ የሚያሟላ ምሳሌ፣ ለጥቂት የማያሟላ ምሳሌ። ሦስተኛው ነው ትርጉሙን የሚያስተምራችሁ። በቀን አምስት ጥያቄ እዚህ ብዙ ነው። አንዱ ላይ አንድ ሰዓት መቆየት ጤነኛ ነው።

በሰዓት ለምትጠይቁኝ፤ የተለመደው ግምት ለአንድ ሰዓት ክፍል ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ ነው። በሳምንት አራት ሰዓት ሌክቸር ያለው ኮርስ ስምንት ሰዓት ይፈልጋል። ሁለት እንዲህ ያሉ ኮርሶች ከላብ ኮርስ ጋር ከመያዛችሁ በፊት ሰዓቱን ደምሩት።

ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው

- *መልስ ከፍቶ መሥራት።* መልሱ አጠገባችሁ ካለ ጥያቄውን አልሠራችሁም፤ ገልብጣችኋል። ቢያንስ 15 ደቂቃ ታግላችሁ ክፈቱት።
- *ጓደኛ ስለገባ መግባት።* አብሮ መግባት ደስ ይላል። ሚዱን ግን ለየብቻ ነው የምትፈተኑት።
- *ቀመር መሸምደድ።* ከየት እንደመጣ የማታውቁት ቀመር ፈተና ላይ አንድ ምልክት ይቀየርባችኋል፤ እናንተም አታስተውሉትም።
- *በካልኩሌተር መለማመድ፣ ያለ ካልኩሌተር መፈተን።* ደረጃ 6 ላይ ያለውን ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው ዕጣ ነው።
- *ኮርስ ካለፉ በኋላ አንድ ዓመት ቆይቶ ቀጣዩን መያዝ።* ግድ ከሆነ ይሁን፤ ከመግባታችሁ በፊት ግን የቀደመውን ኮርስ ፋይናል በሰዓት ሥሩት።

የፈተናው መልሶች

1) 5/12። 2) −9 እና 9። የመጀመሪያው ላይ ስኩዌሩ 3ን ብቻ ነው የሚይዘው። 3) 3/2። 4) 96። የጨመረው 20 በመቶ የ80 ነው እንጂ የ100 አይደለም።

5) −5። 6) ቀ² + 6ቀ + 9። 7) 2 እና 3። አንዱን ብቻ የጻፈ ስህተት ነው። 8) (ቀ + 2)/2ቀ።

9) ቀ² + ቀ − 2። 10) 4፣ 32 ማለት 2⁵ ስለሆነ። 11) 30 እና 150 ዲግሪ። 12) ወደ ቀኝ በ4። ወደ ግራ ያላችሁ፣ ቀን 4 አድርጋችሁ አስገቡና የት ላይ 0 እንደሚሆን እዩ።

13) 6። 14) 15(3ቀ + 1)⁴። 5(3ቀ + 1)⁴ ካላችሁ ቼይን ሩሉ ቀርቷል። 15) 8። 16) 100። አንዱ ጎን ቀ ከሆነ ሌላው 20 − ቀ ነው፤ ስፋቱ 20ቀ − ቀ²። ዴሪቬቲቩ 20 − 2ቀ፣ 0 የሚሆነው ቀ = 10 ላይ። ዴሪቬቲቩ ከዚያ በፊት ፖዘቲቭ፣ ከዚያ በኋላ ኔጋቲቭ ስለሆነ ከፍተኛው እዚያ ነው።

17) ቁጥሮቹ 2ሀ + 1 እና 2ለ + 1 ናቸው። ድምራቸው 2(ሀ + ለ + 1)፤ ለ2 ይካፈላል። «3 + 5 = 8» ብሎ ምሳሌ ማስቀመጥ ማረጋገጫ አይደለም። 18) ቢያንስ አንድ ተማሪ አላለፈም። 19) ሐሰት፤ 2 ፕራይም ነው። 20) ቁጥሩ ኢ-ተጋማሽ ነው እንበል፤ 2ሀ + 1። ስኩዌሩ 4ሀ² + 4ሀ + 1 ነው፤ ይህም 2(2ሀ² + 2ሀ) + 1 ስለሆነ ኢ-ተጋማሽ ነው። ስለዚህ ስኩዌሩ ተጋማሽ ከሆነ ቁጥሩ ኢ-ተጋማሽ ሊሆን አይችልም። በሌላ መንገድ የሠራችሁ እያንዳንዱ መስመር ከቀደመው ለምን እንደሚከተል ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ አንዱ ላይ ዝም ካላችሁ ቀዳዳው እዚያ ነው።